መርፌው መጣልን፣ ጠያቂያችን ቀረ

ግልጽ ደብዳቤ

ለምንታከምበት ክሊኒክ የሕክምና አገልግሎት ኃላፊ

ጉዳዩ፦ የክብደት መቀነሻ መድኃኒት ለምንወስድ ታካሚዎች ይሰጥ የነበረው ወርሃዊ ክትትል መቋረጡን ይመለከታል

የተከበሩ ኃላፊ፦

ሰላምታችን ይድረስዎ። ይህን የምንጽፍልዎ በክሊኒክዎ ሐኪሞች ማዘዣ ሴማግሉታይድ የተባለውን፣ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚወጋውን የክብደት መቀነሻ መድኃኒት የምንወስድ ታካሚዎች ነን። ሠላሳ አራት ነን። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ከመላኩ በፊት ግን ሁላችንም አንብበነዋል። አንዳንድ ቃልም አስወጥተውኛል።

ከአራት ወር በፊት ስልካችን ላይ አጭር መልእክት ገባ። ሦስት መስመር ናት። ወርሃዊ ቀጠሮ ቀርቷል፣ መድኃኒቱ ከእንግዲህ የሦስት ወሩ አንድ ላይ ይሰጣል፣ ጥያቄ ያለው በጽሑፍ ይላክ ትላለች። የምትጀምረው "ውድ ደንበኛችን" ብላ ነው። ደንበኛ የሆንነው መቼ እንደሆነ እንጃ። ካርዳችን ላይ የተጻፈው ታካሚ የሚል ነው።

አንዋሽዎትም፣ ያን ቀን ብዙዎቻችን ደስ ብሎን ነበር። ከሥራ ማስፈቀድ ቀረ፣ ወረፋ ቀረ። ምን እንደቀረብን የገባን ቆይቶ ነው።

ቀጠሮው እኮ ዐሥር ደቂቃ አይሞላም ነበር። ሲስተር ትመዝነናለች፣ ግፊት ትለካለች። ከዚያ ትጠይቃለች። የሚበሉት ይረጋልዎታል? ውሃ እየጠጡ ነው? ሆድዎ እንዴት ነው፣ አልደረቀም? አዲስ የጀመሩት መድኃኒት አለ? መርፌውን የት ላይ ነው የሚወጉት፣ እስቲ ያሳዩኝ። በቃ ይኸው ነው። ከውጭ ለሚያይ ተራ ወግ ይመስላል።

መድኃኒቱ ግን እንደ ራስ ምታት ክኒን ገዝተው የሚውጡት ዓይነት አይደለም። የሚጀመረው በ0.25 ሚሊግራም ነው። በየአራት ሳምንቱ ወደ 0.5፣ ወደ 1፣ ወደ 1.7፣ በመጨረሻም ወደ 2.4 ከፍ ይላል። የመጀመሪያዋ ትንሽ መጠን ሆድን ለማለማመድ እንጂ ክብደት ለመቀነስ የምትሰጥ አይደለችም። መድኃኒቱ ጨጓራ ምግቡን ቶሎ እንዳይለቅ ያዘገየዋል፣ አንጎልንም ጠግቤያለሁ ያሰኘዋል። ሆድ ይህን ሳይለምድ መጠኑ ከተጨመረበት ማቅለሽለሹና ማስመለሱ የሚቻል አይሆንም። ስለዚህ በየወሩ፣ መጠኑ ከፍ ከማለቱ በፊት፣ አንድ ሰው አይቶን "ቀጥሉ" ወይም "ለጊዜው እዚሁ ላይ ቆዩ" ማለት አለበት። ወርሃዊው ቀጠሮ ለዚህ ነበር። ደረጃውን እንዳለ ትታችሁ መደገፊያውን ብቻ ነቀላችሁብን።

ቅሬታችንን አንድ በአንድ እናቅርብ።

የመጀመሪያው ስለ ብልቃጡ ነው። ቀድሞ ይሰጠን የነበረው ብዕር መሰሉ መርፌ ነው። መጠኑ ተለክቶ፣ ተሞልቶ ይመጣል። ቆዳ ላይ አስደግፎ መጫን ብቻ ነው ሥራችን። ክትትሉ በቀረበት ወር ደግሞ ለአንዳንዶቻችን በብልቃጥ የተዘጋጀ መድኃኒትና የኢንሱሊን ሲሪንጅ ተሰጠን። ምክንያቱን የነገረን የለም። ብዕሩ ስለጠፋ መሆኑን የሰማነው ከጥበቃው ነው፤ እሱ ባይኖር ያንንም አናውቅም ነበር።

ብልቃጡ ላይ በአንድ ሚሊሊትር 5 ሚሊግራም ይላል። ማዘዣው 0.25 ሚሊግራም ይላል። ሲሪንጁ ላይ ግን ሚሊግራም የሚባል ነገር የለም። ያለው ዩኒት ነው፣ እስከ 100። 100 ዩኒቱ አንድ ሚሊሊትር ነው። እስቲ እርስዎም ወረቀት ይዘው ያስሉት። በዚህ ብልቃጥ 0.25 ሚሊግራም ማለት 5 ዩኒት ነው።

ከመካከላችን አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት አሉ። 0.25 የሚለውን አይተው ሲሪንጁን 25 ላይ ሞሉት። ያስተምሩ የነበረው ሒሳብ ነው፤ ይህን የምጽፈው አስፈቅጃቸው ነው፣ ራሳቸውም እየሳቁ ነው የፈቀዱልኝ። የተወጉት 1.25 ሚሊግራም ሆነ፣ የታዘዘላቸው አምስት እጥፍ። ሌሊቱን ሲያስመልሱ አደሩ። በማግስቱም ውሃ አልረጋላቸውም። መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ ግማሹ እስኪቀንስ ብቻ አንድ ሳምንት ገደማ ይፈጃል። ስለዚህ አንዴ ከተወጋ ነገ ይለቀኛል ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ሳምንቱን በሙሉ አልጋ ላይ ነው ያሳለፉት። እስከ ዛሬ "ጥፋቱ የኔ ነው" ይላሉ። እኛ በዚህ አንስማማም።

የማንስማማው ዝም ብለን አይደለም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በጁላይ 2024 በዚሁ ጉዳይ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። በብልቃጥ ከተዘጋጀው ሴማግሉታይድ ከታሰበላቸው ከ5 እስከ 20 እጥፍ የወሰዱ ታካሚዎች መኖራቸውን፣ ሆስፒታል የገቡም እንዳሉ ይናገራል። የተሳሳቱት ደግሞ ታካሚዎች ብቻ አይደሉም። 0.25 ሚሊግራም ለመስጠት አስቦ 25 ዩኒት ብሎ ያዘዘ ባለሙያም እዚያው ተጠቅሷል። ልክ እንደ መምህርታችን! የሕክምና ባለሙያ የሚሳሳትበትን ስሌት ነው አንዲት ቃል ሳትነግሩን ያሸከማችሁን። ሲስተር "እስቲ ያሳዩኝ" የምትለው ቀጠሮ ቢኖር ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ይያዝ ነበር።

ሁለተኛው፣ ስንታመም የሚሰማን ማጣታችን ነው። አንዱ አባላችን መጠኑ ወደ 1.7 ከፍ ባለ በሦስተኛው ቀን ማስመለስ ጀመረው። አምስት ቀን ቆየበት። ሁለት ጊዜ በጽሑፍ ጠየቀ። የመጀመሪያው መልስ ወዲያው መጣ፤ "መልእክትዎ ደርሶናል" ይላል፣ ማሽኑ የጻፈው ነው። ሁለተኛው መልስ የመጣው በአራተኛው ቀን ነው። "ማቅለሽለሽ የተለመደ ነው፣ ትንሽ ትንሽ ይመገቡ" ይላል።

ምክሩ ሐሰት አይደለም። ማቅለሽለሽ በእርግጥ የተለመደ ነው። ትንሽ ትንሽ መብላት፣ ስብ የበዛበትን መተው፣ ሲጠግቡ ማቆም ይረዳል፣ ሁላችንም በልምድ እናውቀዋለን። ግን ለአምስት ቀን ውሃ ለማይረጋለት ሰው የሚሰጥ መልስ ይህ ነው? ስንት ጊዜ አስመለሰህ፣ ሽንትህ እንዴት ነው፣ ስትነሳ ያዞርሃል ወይ ብሎ የጠየቀው የለም። በመጨረሻ ጎረቤቱ ደግፎ ሌላ ቦታ ድንገተኛ ክፍል አደረሰው። ግሉኮስ ተሰቀለለት። የኩላሊት ምርመራው ከልኩ ወጥቶ ተገኘ። ሰውነቱ ውሃ ከማጣቱ የተነሳ ነው አሉት። ኩላሊቱ አሁን ደህና ነው፣ ይመስገነው። ሐኪሙ ግን ሁለት ቀን ዘግይተህ ቢሆን ኖሮ ሌላ ወሬ ነበር የምናወራው ብሎታል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም "የተለመደ ነው" የሚለው ቃል ነው በጣም የሚያስፈራን። በዚህ መድኃኒት የተለመደውና አደገኛው ሁለቱም ከሆድ ነው የሚነሱት። ሆድን እየቆረጠ ወደ ጀርባ የሚወጋ፣ የማያባራ ከባድ ሕመም የቆሽት መቆጣት ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ መድኃኒቱ ወዲያው ይቆማል፣ ሐኪም ጋ ይኬዳል። ቀኝ ጎን ከጎድን አጥንት በታች የሚይዝ ሕመም፣ ከትኩሳት ወይም ከዓይን ቢጫ መሆን ጋር ሲመጣ፣ የሐሞት ከረጢት ሊሆን ይችላል፤ ክብደት በፍጥነት ሲወርድ የሐሞት ጠጠር የመያዝ ዕድል ይጨምራል። ተራ ማቅለሽለሽም አለ። ታዲያ ሦስቱን ለይቶ ማወቅ የታካሚው ሥራ ነው? በአራት ቀን አንዴ የሚመለስ ጽሑፍስ ይለያቸዋል?

ሦስተኛው በራሴ የደረሰ ነው። መድኃኒቱ ለአምስት ሳምንት ጠፋ ተባለ። በዚያን ጊዜ 2.4 ላይ ነበርኩ። ሲመጣ ያው 2.4 ተሰጠኝ። መስኮቱ ላይ ያለችውን ልጅ "ከየት ልጀምር?" አልኳት። "ካቆሙበት ይቀጥሉ" አለችኝ። አልፈርድባትም፣ ከኋላዬ ሃያ ሰው ተሰልፏል። ቀጠልኩ። ሦስት ቀን ሙሉ ከመጸዳጃ ቤት አልራቅኩም፤ አንዱን ቀን እንዲያውም እዚያው ወለል ላይ ነው ያሳለፍኩት።

በኋላ ካርቶኑ ውስጥ ያለችውን፣ በደቃቅ ፊደል የተጻፈችውን ወረቀት በልጄ መነጽር አነበብኳት። ሁለትና ከዚያ በላይ ተከታታይ መርፌ ካመለጠ ሐኪም ማማከር እንደሚያስፈልግ፣ እንደ ሁኔታው ከታች ጀምሮ እንደገና መውጣት ሊያስፈልግ እንደሚችል ትናገራለች። ሆዴ በአምስት ሳምንት ልማዱን ረስቶታል፣ ነገሩ ይኸው ነው። አንዲት መርፌ ብቻ ስታመልጥም የራሷ ደንብ አላት። ቀጣዩ ቀን ሊደርስ ከሁለት ቀን በላይ ከቀረ የረሱትን ይወጋሉ፤ ከዚያ ካነሰ ይተዉታል፣ በተለመደው ቀን ይቀጥላሉ። ለማካካስ ብሎ ሁለት መደረብ የለም። ይህን ለመናገር ግማሽ ደቂቃ ይበቃል። ከሠላሳ አራታችን ይህን በትክክል ያውቁ የነበሩት ስድስት ናቸው። ጠይቄ ነው የቆጠርኳቸው።

በነገራችን ላይ የሦስት ወሩን አንድ ላይ መስጠትም የራሱን ጣጣ አምጥቷል። መድኃኒቱ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው የሚቀመጠው። በረዶ ከያዘው ቢቀልጥም ይጣላል እንጂ አይወጋም። አንዷ አባላችን ከማቀዝቀዣው የኋላ ግድግዳ ጋር አስጠግታ አስቀምጣው የሁለት ወሩ ድርሻዋ በረዶ ሆነ። "እንዴት ልጣለው?" ብላ አቅልጣ ተወጋችው። ማን ነግሯት?

አራተኛው ያልተጠየቅናቸው ጥያቄዎች ናቸው። ክትትሉ ከቀረ ወዲህ መድኃኒቱን የጀመሩት አዲሶቹ አባሎቻችን የሞሉት አንድ ገጽ ቅጽ ነው። ምልክት አድርጎ መፈረም ብቻ። በቤተሰብዎ "ሜዱላሪ" የሚባለው ዓይነት የታይሮይድ ዕጢ ካንሰር የያዘው ሰው አለ ወይ የሚለው ጥያቄ ቅጹ ላይ አለ፣ እውነት ነው። ያ በሽታ በራሱ ወይም በቤተሰቡ ያለበት ሰው መድኃኒቱን መጀመር የለበትም። ግን ስንቱ ሰው ነው ቃሉን የሚያውቀው? አንዷ "እናቴ አንገቷ ላይ ቀዶ ጥገና ተደርጎላት ነበር" ትላለች። ምን እንደሆነ አታውቅም። ቅጹ ላይ "የለም" የሚለውን ሞላች፣ "አላውቅም" የሚል ሳጥን ስለሌለው። የሚጠይቃት ሰው ቢኖር "ቀዶ ጥገናው ለምን ነበር?" ይላት ነበር።

ሌላው አባላችን የስኳር ሕመምተኛ ነው፣ ኢንሱሊን ይወጋል። በዚህ መድኃኒት ምግቡ በግማሽ ሲቀንስ ኢንሱሊኑ ያው ቀጠለ። አንድ ሌሊት ባለቤቱ ስትነቃ በላብ ተጠምቆ፣ ንግግሩ ተምታቶ አገኘችው። ስኳሩ ወርዶ ነው። ፈጥና ጣፋጭ ነገር አጠጣችው፣ ተረፈ። ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላሚድ ያለ የስኳር ክኒን የሚወስድ ሰው ይህን መድኃኒት ሲጀምር የእነዚያ መጠን መታየት አለበት። ሁለቱንም ያዘዘው የእናንተው ክሊኒክ ነው። ሁለት ክፍል፣ አንድ ኮሪደር።

ሦስተኛዋ ለቀዶ ጥገና ገብታ ነበር። እንደታዘዘችው ከምግብ ጾማ ነው የሄደችው። ሙሉ ማደንዘዣ የሚሰጣት ሐኪም "በሳምንት የሚወጋ ነገር አለሽ?" ብሎ በራሱ ጠየቃት። አዎ ስትለው ቀጠሮው ተላለፈ። ጨጓራ ምግብ ስለሚያዘገይ የጾመ ሰው ሆድ ውስጥም ምግብ ሊቆይ፣ በማደንዘዣ ላይ እያለም ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ይህ ማስጠንቀቂያ በመድኃኒቱ መመሪያ ላይ ተጨምሯል። ቀዶ ጥገና ካለባችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ ያለን ከእናንተ ወገን ማንም የለም።

እርግዝናን በተመለከተ አጭር ልሁን፣ ባለጉዳዮቹ እንዳልዘረዝር ለምነውኛል። ልጅ የምታስብ ሴት ሴማግሉታይድን ቢያንስ ከሁለት ወር በፊት ማቆም አለባት። መድኃኒቱ ሲጠፋ ቲርዜፓታይድ ወደተባለው ሌላ የክብደት መቀነሻ መርፌ የተዛወሩት ደግሞ ሌላ ነገር ማወቅ ነበረባቸው። የሚዋጠው የእርግዝና መከላከያ ክኒን በዚያ መድኃኒት ሊዳከም ስለሚችል፣ ሲጀምሩና መጠኑ በጨመረ ቁጥር ለአራት ሳምንት ሌላ መከላከያ መጨመር አለባቸው። ሁለት ሴቶች ይህን ያወቁት ካለፈ በኋላ ነው።

አምስተኛው ያነጋገራችሁን ቋንቋ ነው። ከመልሶቻችሁ አንዱ "ክብደት ለመቀነስ በራስዎ ፍላጎት የጀመሩት ስለሆነ መጠነኛ አለመመቸት ይጠበቃል" ይላል። ለቁንጅና ነው የጀመራችሁት፣ ቻሉት ነው ነገሩ። ይህ የተጻፈላት ሴት ጉልበቷ አልሸከም ብሏት፣ ሌሊት ትንፋሿ እየተቋረጠ ስትሰቃይ ነው ወደ እናንተ የመጣችው። መድኃኒቱን ያዘዘላት ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ውጤቱ የወጣው፣ 17,604 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት እንዳሳየው የልብና የደም ሥር ሕመም ባለባቸው ወፍራም ሰዎች ላይ ይህ መድኃኒት ድንገተኛ የልብ ጥቃትን፣ ስትሮክንና በልብ ምክንያት የሚመጣ ሞትን በጥቅሉ በ20 በመቶ ቀንሷል። ይህ የውበት ጉዳይ ነው?

የመጨረሻው፣ የማቆም ጉዳይ ነው። ሁለት ሰዎች ግባቸው ላይ ደረሱና በራሳቸው አቆሙ። የያዛቸውም የመከራቸውም አልነበረም። አሁን ክብደቱ እየተመለሰ ነው፣ ጥፋቱ የነሱ እንደሆነ ቆጥረውት አንገታቸውን ደፍተዋል። በአንድ የታወቀ ጥናት መድኃኒቱን ያቆሙ ሰዎች በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛውን መልሰው ጨምረዋል። የፈቃድ ድክመት አይደለም፤ የረሃቡ ስሜት ተመልሶ ይመጣል። ይህ ቀድሞ ተነግሯቸው ቢሆን ወይ አያቆሙም፣ ወይ ተዘጋጅተው ያቆማሉ። ከስብ ጋር ጡንቻም አብሮ እንደሚሄድ፣ ስለዚህ ፕሮቲን መብላትና ክብደት እያነሱ መንቀሳቀስ እንደሚያስፈልግም የሚነገረው በዚያች ዐሥር ደቂቃ ውስጥ ነበር።

የተከበሩ ኃላፊ፣ እኛም ንጹሕ አይደለንም። አንዱ ሠርጉ ስለደረሰ ሁለት ደረጃ ዘሎ ተወግቷል። ሌላዋ ብዕሩን ከእህቷ ጋር ተጋርታለች፣ የጫፉን መርፌ ቀይሬያለሁ ብላ። ጫፉ ቢቀየርም ብዕሩ ለሁለት ሰው አይሆንም፣ በደም የሚተላለፍ በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል። መድኃኒቱ በጠፋባቸው ሳምንታት ደግሞ ሦስቱ ከማይታወቅ ሻጭ ገዝተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በጁን 2024 ሐሰተኛ ኦዜምፒክ (ሴማግሉታይድ ከሚሸጥባቸው የንግድ ስሞች አንዱ ነው) በብራዚል፣ በእንግሊዝና በአሜሪካ መገኘቱን አስጠንቅቋል። ይህን ስነግራቸው አንዱ "ታዲያ ማንን ልጠይቅ ነበር?" አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

"ክትትሉ ሲቀር ምን ጎደለ?" ተብሎ በስብሰባችሁ ላይ እንደተጠየቀ ሰምተናል። አንድ የቆየ ነገር እናስታውስዎት። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ፌንፍሉራሚንና ፌንተርሚን የተባሉ ሁለት መድኃኒቶች አንድ ላይ እየተሰጡ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ለክብደት ወስዷቸዋል። በ1997 አሜሪካ ውስጥ ሐኪሞች ሁለቱን በሚወስዱ 24 ሴቶች ላይ የልብ ቫልቭ ጉዳት ማየታቸውን ጻፉ፤ በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ፌንፍሉራሚን ከገበያ ወጣ። ያ ጉዳት የታወቀው ሐኪም ታካሚውን ፊት ለፊት አይቶ፣ ልቡን አዳምጦ፣ መርምሮት ነው። ሴማግሉታይድ እንደዚያኛው ነው እያልን አይደለም፤ በሰፊው የተጠና መድኃኒት ነው፣ እኛም ልንተወው አንፈልግም። ግን የማይታይ ታካሚ ላይ ምን እንደደረሰ እናንተ በምን ታውቃላችሁ?

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው።

መጠኑ በሚጨምርባቸው ወራት፣ ማለትም ቢያንስ በመጀመሪያዎቹ አምስት ወራት፣ ወርሃዊው ቀጠሮ ይመለስ። 2.4 ላይ የደረሰና የተረጋጋ ሰው በሦስት ወር አንዴ ቢታይ ይበቃዋል፣ በዚህ አንከራከርም። በአካል መምጣት የማይችል በስልክ ይጠየቅ፤ ግን ሰው ይጠይቀው።

በብልቃጥ መስጠቱ ግድ ከሆነ ማዘዣው ላይ ሚሊግራሙም፣ ሚሊሊትሩም፣ ዩኒቱም ይጻፍ። ሲሪንጁ ላይ የሚሞላበት መስመር በቀለም ምልክት ይደረግበት። የመጀመሪያውን መርፌ ታካሚው በባለሙያ ፊት ራሱ ሞልቶ፣ ራሱ ይውጋ።

ለከባድ የሆድ ሕመም፣ ለማያቆም ማስመለስና ለስኳር መውረድ በዚያው ቀን የሚመልስ የስልክ መስመር ይኑር። ሌሊት የሚያነሳ ከሌለ የትኛው ድንገተኛ ክፍል እንደምንሄድ በወረቀት ይሰጠን።

መድኃኒት ሲጠፋ ቀድማችሁ ንገሩን። ሲመጣም ማንም ታካሚ ሐኪም ሳያየው በነበረበት መጠን እንዳይጀምር፤ መስኮት ላይ ያለችው ልጅም በዚህ ጥያቄ እንዳትጨነቅ።

ቅጹ ላይ "አላውቅም" የሚል ሳጥን ይጨመር፣ "አላውቅም" ያለውንም ሰው ይጠይቀው። ከስኳር ክፍል ጋር ተነጋገሩ። ኮሪደሩ ረጅም አይደለም።

ከእንግዲህ የምትልኩልንም መልእክት "ውድ ታካሚያችን" ብሎ ይጀምር።

ለዚህ ደብዳቤ በሠላሳ ቀን ውስጥ በጽሑፍ መልስ እንዲሰጠን እንጠይቃለን። ማሽኑ የሚጽፈውን ሳይሆን፣ ስምና ፊርማ ያለበትን። የእያንዳንዱን ጉዳይ ቀንና ማስረጃ አዘጋጅተናል፤ ሲጠሩን ይዘን እንቀርባለን።

ከአክብሮት ጋር፣

ሳምንታዊውን የክብደት መቀነሻ መርፌ የሚወስዱ ታካሚዎች ተወካይ
(ለራሱና ለሠላሳ ሦስት ታካሚዎች)

ግልባጭ፦
— ለሲስተር፣ በየወሩ ትጠይቀን ለነበረችው